ደብሊው ሳይነካ

«አጠፋሽው?» አለ ሬዲዮ።

«አጠፋሁት» አለች ብሎን ዘና ብላ።

ሬዲዮ ክው አለ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኮምፒውተር ውስጥ የሁለት ዓመት የድምፅ ቅጂ አለ፤ ቃለ መጠይቁ፣ ድራማው፣ ዐምና ያረፉት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለትንንሾቹ ያነበቧቸው ተረቶች ሁሉ። ብሎን ይህ ሁሉ ያለበትን ፓርቲሽን፣ ማለት የዲስኩን ክፋይ፣ ዓይኑ እያየ የዲ ፊደልን ተጭና፣ ኢንተር መትታ ከክፋዮቹ ሠንጠረዥ አስወጣችው።

«አቦ ፊትህን እንደሱ አታድርገው» ብላ ሳቀች። «ገና ምንም አልሆነም። ደብሊውን፣ ጻፍ የሚለውን ፊደል፣ እስክጫን ድረስ ዲስኩ ላይ አንዲት ነገር አይጻፍም። አሁን ሁሉም ሐሳብ ብቻ ነው።»

ብሎን የሚለው ስም የወጣላት የትምህርት ቤቱን የተበላሸ ደወል ፈትታ ከገጠመች ወዲህ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ደብተር ሊጠፋ ይችላል እንጂ ካቻቢቴ አይጠፋም። ሬዲዮ ደግሞ ስሙን ያገኘው በአፉ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። የክበቡ ዜና አንባቢም እሱ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ዲስኩ ሰፊ ቢሆንም፣ መጀመሪያ የጫነው ባለሙያ ሥርዓቱም ቅጂውም ለሚቀመጥበት ሩት ለሚባለው ፓርቲሽን የሰጠው ትንሽ ቁራሽ ነበር። ሰፊ ግቢ ይዞ አንዲት ክፍል ውስጥ መታፈን ማለት ነው። ከትናንት በስቲያ ሩቱ መቶ በመቶ ሞላና ኮምፒውተሩ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልቀዳም አለ። ዛሬ ደግሞ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሦስት ሳምንት ሙሉ የተለማመዱትን ድራማ የሚቀዱበት ቀን ነው። ነገ ትምህርት ቤቱ ለረፍት ይዘጋል።

«እኔ አሰፋዋለሁ» ያለችው ብሎን ናት። በወንድሟ አሮጌ ላፕቶፕ ሦስት ጊዜ ሞክራዋለች፤ ሁለቴ አበላሽታ በሦስተኛው ተሳክቶላታል። የክበቡ መምህር፣ ሁሉም ቲቸር የሚሏቸው፣ ለአፍታ አዩዋትና «ኮፒ ከተያዘ ይሁን» አሉ። ቅጂዎቹን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጦ የመያዙ ሥራ የሬዲዮ ነበር። ዛሬ ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት ሲጠየቅ «ይዣለሁ» ብሏል።

«አሁን አዲሱን ፓርቲሽን እሠራለሁ» አለች ብሎን፣ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «መነሻው እዚያው የድሮው ቦታ ነው፤ መጨረሻው ግን ዲስኩ የሚያልቅበት። መነሻዋ ከተዛነፈች አለቀልን፣ ኮምፒውተሩ የራሱን ፋይል አያገኘውም። በል ቁጥሩን አንብብልኝ።» ጣቶቿ አላርፍ ብለዋል።

ሬዲዮ አስቀድማ የጻፈችበትን ወረቀት አነሳና በዜና ድምፁ «አንድ፣ ዜሮ፣ አምስት፣ ሁለት...» ማለት ጀመረ። ብሎን ግን እሱ ሳይጨርስ ኢንተር መታች። የተቀበለችው ኮምፒውተሩ ራሱ ያቀረበላትን ቁጥር ነው። የወንድሟ ላፕቶፕ ላይ ሁልጊዜ ልክ ይሆን ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሬዲዮ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ። «እዚህ ከአምስት ቀጥሎ ዜሮ ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነው።»

እውነቱን ነው። ብሎን መጀመሪያ ላብ አጠመቃት፣ ቀጥሎ ሳቋ መጣ። ያንን ሰርዛ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ገለበጠች። ኮምፒውተሩ የፋይሎቹ መለያ የሆነውን የድሮውን ምልክት ላጥፋው ወይ ብሎ ሲጠይቃት አታጥፋ አለችው። አሁን ሁሉም ልክ ነው፤ ደብሊው ብቻ ቀረ።

«ይመችህ» አለችው። «ባታየው ኖሮ ያንተ ኮፒ ነበር የሚያድነን።»

ሬዲዮ ዝም አለ። ሬዲዮ ዝም ካለ ደግሞ አንድ ጉድ አለ ማለት ነው።

«ምነው?»

«ኮፒ የለም» አለ ጫማውን እያየ። «የውጭ ዲስኩ ላይ የኳስ ጨዋታ ቪዲዮ ሞልቼበት ነበር። ማጥፋቱ አሳሳኝና ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ... ቲቸር በሰው ፊት ሲጠይቁኝ አዎ አልኩ በቃ።»

ብሎን በንዴት ጆሮዋ ጋለ። «ዓይንህን በጨው አጥበህ እዚህ ቁጭ ብለህ ታነብልኛለህ አይደል?» አለችው።

ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። ቁጥሩ እንደሆነ ተስተካክሏል። አንዲት ፊደል ብትጫን ሁሉም ነገር በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ልጆቹ ይቀዳሉ፣ የሬዲዮ ውሸትም ሳይታወቅ ይቀራል፣ እሷም ዲስኩን ያሰፋችው ልጅ ትባላለች። ይህንን መባል ደግሞ ክፉኛ ትፈልገዋለች።

በሩ ተከፈተ። ቲቸር ናቸው፤ ከኋላቸው አሥራ ሁለት የአንደኛ ክፍል ልጆች እየተገፋፉ ገቡ። አንዷ «ማይኩ የታለ?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«አለቀ?» አሉ ቲቸር።

የብሎን ጣት ደብሊው ላይ ነበር። እርግጠኛ ናት። ቅድም ኢንተር ስትመታም እርግጠኛ ነበረች።

ጣቷን አነሳችና ኪውን ተጫነች። ኪው ምንም ሳይጽፉ መውጣት ነው።

«አላለቀም ቲቸር» አለች። «ኮፒ አልያዝንም። ኮፒ ሳይኖር ደግሞ አልነካውም። መገልበጡ አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

ቲቸር ልጆቹን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። «ጠዋት ተይዟል አልተባለም እንዴ?»

ብሎን ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። ሬዲዮ ከወንበሩ ተነሳ። «ዋሽቼ ነው። እኔ ነኝ» አለ። በሕይወቱ እንዲህ አጭር ዜና አንብቦ አያውቅም።

«ካንተ ጋር በኋላ እንነጋገራለን» አሉት ቲቸር። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው፣ ልጆቹ ስለሚያመሹ ለወላጆቻቸው ሊደውሉ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ሬዲዮ የውጭ ዲስኩን ሰካ። ዓመት ሙሉ ያጠራቀማቸውን ጨዋታዎች መርጦ፣ አንዱንም ሳያስቀር አጠፋ። ብሎን ቅጂዎቹን መገልበጥ ጀመረች።

«ልጆቹን ወስደህ አለማምዳቸው» አለችው ፊቷን ሳታዞር። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጠራችው።

«አንድ ሰዓት ሲሞላ ተመለስ። ደብሊውን ብቻዬን አልጫነውም።»