የሽማግሌው ግራ እጅ

ክር የሚባለው ሰው አድራሻ የጻፈበትን ወረቀት በታጠፈ ፎጣ ውስጥ ሸጎጠ። አለቃው የልብስ አጣቢ ካፖርት ለብሶ ጋሪ እየገፋ መጣ።

«ሽማግሌው ተናገረ?»

«ዘፈነ።»

«ድዳ አዘፈንኩ በለኛ።»

«ልጁን አንይዘውም፣ ከሩቅ ነው የምንጠብቀው ብለውኛል።»

«ብያለሁ።»

ጋሪው ፎጣውን ይዞ ሄደ።

ክር የምስጢር ስሙ ነው። ሆስፒታሉ የሚያውቀው በንግግር አሠልጣኝነቱ ነው። ሽማግሌው አታሚ ነበሩ። ደም በአንጎላቸው ግራ በኩል ፈሶ ከቃል ሁሉ «እሺ» ብቻ ተረፈቻቸው። ሲጠማቸው እሺ፤ ሲቆጡም እሺ። የሚታደነው ልጃቸው የት እንደተሸሸገ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዜማ ግን በአንጎል ቀኝ በኩልም ቤት አለው። ክር በየጠዋቱ ግራ እጃቸውን ይዞ፣ ጠረጴዛውን ቀስ እያስመታ አንጎራጎረላቸው። መጀመሪያ «ውሃ»ን ዘፈኑ። ቀጥሎ «ልጄ»ን። ያን ቀን ሁለቱም አለቀሱ።

ዛሬ እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉለት። ከድልድዩ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሰማያዊ በር። «ደህና ነኝ በለው» ብለው በዜማ ጨረሱ።

ወረቀቱ በጋሪው ከሄደ አንድ ሰዓት አልሞላም። የክፍሉ በር ተበረገደ።

አለቃው ነው። አሁን ሙሉ ልብስ ለብሷል። ከፊቱ በካቴና የታሰረ ወጣት አለ።

«ዳቦ ጋጋሪ ነኝ» አለ ወጣቱ። አባቱን እንደ ባዳ አያቸው።

«ፎቶግራፍ የለንም፤ መታወቂያውም የሌላ ሰው ነው» አለ አለቃው። «አባት፣ ልጅዎ ነው?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ራስ መነቅነቅ አይቀዳም። ቃል ይስጡኝ።» መቅጃውን አስጠጋ።

አፋቸው ታገለ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው።

ግራ እጃቸውን ወደ ክር ዘረጉ።

ክር ገባው። እጃቸውን ይዞ ሦስት ጊዜ ቢያስመታቸው «አይደለም» ትወጣለች። ልጁ ይተርፋል። ክር ግን ያልቅለታል።

ሁለት እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«እሺ» አሉ ሽማግሌው።

መቅጃው ቀጭ ብሎ ጠፋ። ልጁን ወሰዱት። አለቃው ሲያልፍ የክርን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ያኔ ነው ሽማግሌው ሁሉንም የተረዱት። የተዘረጋውን እጃቸውን ቀስ ብለው ሰብስበው ብርድ ልብሱ ስር ደበቁት።

ቢሰድቡት በተሻለው።

ክር የሆስፒታል መታወቂያውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሰው እንዳያየው አንገቱን ደፋ።

«የት ወራጅ ነህ፣ ወንድሜ?» አለው ትኬት ቆራጩ።

«እሺ» አለ ክር።