የዘጠኝ ቁጥር ኮምፒውተር

የማተሚያ ቤታችን ኢንተርኔት መንቀራፈፍ ያላስለቀሰው ሠራተኛ አልነበረም። አሥራ አራት ኮምፒውተር በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደንበኛ የላከው ጽሑፍ እስኪወርድ እኛ አራሚዎቹ ሹራብ ጀምረን እንጨርስ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ተቀጠረ። ትከሻው ላይ የገመድ ጥቅል አንግቶ ስለገባ፣ ስሙን ሳንጠይቅ «ባለገመዱ» አልነው።

መጀመሪያ የሞከረው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ሆነ፤ አሮጌውን ዋና ኮምፒውተር ጭራሽ አስተኛው። ሁለተኛው መቶ ዓይነት ሰንጠረዥ ያወጣል፣ አንዱም አይገባም። ሦስት ሳምንት ፈልጎ አንዲት ሚጢጢ ፕሮግራም አገኘ። የምታሳየው ራሷ ለየኮምፒውተሩ የሰጠችውን ቁጥርና በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚጠቀም ብቻ ነው።

«ማን ምን እንደሚያይ አታሳይም?» አልኩት።

«አታሳይም። ቁጥሩ የማን እንደሆነም አላጣራሁም። እኔ የማየው ቧንቧውን ነው፣ የሰው ጓዳ ምን ያደርግልኛል?»

እውነቱን ልናገር፣ የወደድኩት ያኔ ነው።

እኔም ጓዳ ነበረኝ። አባቴ መስማትም መናገርም አይችልም፤ ፊደልም አልቆጠረም። ከልጅነቴ ጀምሮ የምናወራው በእጃችን ነው። ኩላሊቱን ታሞ ሩቅ ከተማ፣ ወንድሜ ቤት ተኝቷል። የእኔ ስልክ ምስል አይችልም፤ ስለዚህ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ የእርማት ክፍሉን በር ዘግቼ በቢሮው ኮምፒውተር በምስል እየደወልኩ አየዋለሁ። ወንድሜ ሥራ ስለሚውል ስልኩን የምትይዝለት ሚስቱ ነች። ሰው ከንፈር እንዲመጥልኝ ስለማልፈልግ ለማንም አልተናገርኩም። ለባለገመዱም «የቀረ እርማት አለብኝ» እለዋለሁ። እሱ ምሳውን ሳይነካ ይጠብቀኛል፤ በቀረችን ሃያ ደቂቃ ደረጃው ላይ ተቀምጠን የቀዘቀዘ ምግባችንን እንበላለን።

አንድ ቀን እዚያው ደረጃ ላይ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ፣ ታገቢኛለሽ ወይ አለኝ። አባቴን ሳልጠይቅ አልመልስልህም አልኩት። ብቻውን ያሳደገኝ እሱ ነው። ባለገመዱ ፈገግ ብሎ፣ እንግዲያስ ቶሎ ጠይቂልኝ አለ።

በዚያ ሰሞን የአባቴ ምስል አልፎ አልፎ ይቆራረጥ ጀምሮ ነበር። ባለገመዱም ሚጢጢዋ ፕሮግራም ያገኘችውን ነገረኝ። ዘጠኝ ቁጥር የሚባል ኮምፒውተር ትልልቅ ጽሑፎች እንዲወርዱ በሚተዉበት በምሳ ሰዓት መስመሩን ብቻውን ይውጠዋል። ሰውየው ጉዳይ ቢኖረውስ ብሎ ገደብ ለማድረግ ያመነታል። እኔ ግን የአባቴን ምስል የሚሻማኝ ይሄ ሆዳም ነው ብዬ በገንሁ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። «ቁረጠው።» እሺ ብሎ ያን ዕለት ማታ፣ ዘጠኝ ቁጥር ብዙ ሲጠቀም የሚያቋርጥ ገደብ አደረገ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ለአባቴ ነገርኩት። አንድ ሰው አለ፣ እወደዋለሁ፣ ላግባው ወይ ብዬ በእጄ ጠየቅኩት። አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ከትራሱ ቀና አለና ሁለት እጆቹን አነሳ። ምስሉ ደረቀ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ደግሜ ደወልኩ፤ የምሳ ሰዓቱ አለቀ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ራሱን ሳተ። ዳግመኛ አልነቃም።

ለቅሶው ላይ የወንድሜን ሚስት ይዤ ምን እንዳለኝ ጠየቅኳት።

«ብዙ ነገር አወራ፣ እህቴ» አለችኝ። «እኔ እንደናንተ የእጁን ቋንቋ አልችልም። ልጄ የሚለውን ብቻ ነው የለየሁት።»

ሥራ የገባሁ ቀን ባለገመዱ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል።

«አንቺ ባልነበርሽበት ሳምንት ዘጠኝ ቁጥር ምሳ ሰዓት ላይ አንድም ቀን አልሠራም» አለኝ። «ያን ጊዜ ክፍሎቹን ዞሬ አየሁት። ያንቺ ነው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«አንድ ጊዜ ዞሬ ባየው ኖሮ» አለ።

«አንድ ጊዜ ብነግርህ ኖሮ» አልኩት።

አንዳችን በሌላችን አልተቆጣንም። ብንቆጣ ይሻል ነበር፤ ቁጣ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኖቻችን በተገናኙ ቁጥር ሁለታችንም አንድ ነገር እናስባለን። ገደቡን አነሳው፤ ሆኖም ምሳ ሰዓት ላይ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም። መልሴን ስምንት ወር ጠበቀ። ከዚያ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘ።

ሊሰናበተኝ የመጣ ዕለት የእርማት ክፍሉ በር ላይ ብዙ ቆመ።

«አባትሽ እሺ ያለሽ አይመስልሽም?» አለኝ።

«ይመስለኛል» አልኩት። «ግን አላየሁም።»

እንደምወደውም፣ አባቴ ሲል ያላየሁትን መልስ እንደማልሰጠውም ያውቅ ነበር። ስለዚህ አልለመነኝም።