ያልተንኳኳው በር

እሑድ ከሰዓት ክላይድ መርሰር መድረክ ላይ ሻዩን ጨልጦ ወደቀ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ። እውነት ለመናገር አወዳደቁ ያምር ነበር። ጉዱ የታወቀው መጋረጃው ተዘግቶም ክላይድ አልነሳ ሲል ነው። ሐኪሙ መርዝ ነው አለ።

ካናዳ ውስጥ ያለችው ይህች የኒው ብራንስዊክ ወደብ ከተማ በሙሉ ምስክር ሆነች። በቴአትሩ ውስጥ ሚስት የባሏ ሲኒ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ታራግፍና ወረቀቱን በሻማ ታቃጥላለች። ተመልካቹ ያያል፤ ባል አያውቅም። ሚስት ሆና የምትጫወተው ኖሪን ደግሞ የሟቹ የእውነት ሚስት ነበረች። ሁልጊዜ ስኳር የነበረው ዱቄት ያን ዕለት ምን እንደነበር እንዳይጣራ ወረቀቱ አመድ ሆኗል።

መርማሪ ኦዴት ቡድሮ ስትመጣ ኖሪን ባዶው መድረክ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ስኳር ነው የጨመርኩት፣ በልጄ እምላለሁ! እኔ ከታሰርኩ ቴሳ ማን አላት? ገና ትንሽ ልጅ እኮ ናት!»

«አሁን ማን ጋ ናት?»

«የክላይድ ወንድም፣ ዌድ ጋ። እሱ ባይኖር አብጄ ነበር።»

ዌድ በቴአትሩም የባልየው ወንድም ነው። ኦዴት የቴአትሩን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብባ አዘጋጁን ሎርንን ጠራችው።

«ዌድ ሰካራም ሆኖ ይገባል፣ ጠምቶታል፣ የተመረዘውን ሲኒ ያነሳል። ሊጠጣ ሲል በር ይንኳኳና ያስቀምጠዋል። እሑድ በሩ በሰዓቱ ተንኳኳ?»

ሎርን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያው… ሁሉም ደህና ነበር።»

የቴአትር ሰው አንድ አመል አለው፤ የባልደረባውን ስህተት መድረክ ላይ ይሸፍናል፣ ከወረደም በኋላ አያነሳም፤ ፖሊስ ቢጠይቀውም። ኦዴት ይህን ስለጠረጠረች በር አንኳኪዋን ጎረቤት ሆነው ወደሚጫወቱት ወደ አሮጊቷ ሙሪየል ሄደች።

«ማንኳኳቱን ረሱት እንዴ፣ ወይዘሮ ሙሪየል?»

«ማን ነገረሽ? ያ ለፍላፊ ሎርን!» አሮጊቷ ፊታቸው ቀላ። «ሰው ሠራሹ ጥርሴ ጠፍቶብኝ ስፈልግ ዘገየሁ። በድዴ ልግባ? ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከዚህስ ሞቴን እመርጣለሁ።»

ኦዴት አልሳቀችም። አራቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ኖሪን እንድትያዝ ትእዛዙ ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ፖሊሶችም በሩ ላይ ቆመዋል።

«ዌድ፣ ሰካራሙ ሲኒው ውስጥ መርዝ እንዳለ ያውቃል?» አለች ኦዴት።

«አያውቅም። ተመልካቹን የሚያስጨንቀውም እሱ ነው።»

«አንተስ? ሲኒው ውስጥ ምን ያለ መስሎህ ነበር?»

«ቀዝቃዛ ሻይ ነዋ፣ ከስኳር ጋር።»

«ጥሩ። በሩ አልተንኳኳም፤ ሲኒው ከንፈርህ ላይ ነው። ተዋናይ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ይጠጣል እንጂ!» አሉ ሙሪየል ሳያስቡት። «ቀስ እያለ እየጠጣ ጊዜ ይገዛል። ጀማሪም አይስተውም!»

«ኖሪንስ ምን አለችው፣ ሎርን? አንተ ቃል አስታዋሽ ሆነህ ከመጋረጃው ጎን ተቀምጠህ ነበር።»

ሎርን አቀረቀረ። «ስህተቱን ለመሸፈን ‹ፉት በል› ብላ አንሾካሾከችለት። ሰምቻለሁ።»

«እኔንም ልትገድለኝ አስባ ቢሆንስ?» አለ ዌድ።

«እንዲያ ከሆነ አንተ የምታውቀው ነገር የለም ማለት ነው፤ ትጠጣ ነበር። አንተ ግን፣ ተመልካቹ ሁሉ እንደሰማው፣ ‹ሻይ የሕፃን መጠጥ ነው› ብለህ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ቃል ፈጠርክና አስቀመጥከው። የተጠማ ሰካራም! ማወቅ የሌለበትን ያወቀው ሰካራሙ አይደለም፣ አንተ ነህ። መርዙ ከስኳሩ በፊት ሲኒው ውስጥ ነበር። ትዕይንት ሊለወጥ መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛውን ከነሲኒው የሚያስገባ ማን ነው?»

«ዌድ» አለ ሎርን በቀጭን ድምፅ።

«በቴአትሩ ሚስትየዋ የባሏን ወንድም ትወደዋለች። ከመድረክ ውጭስ፣ ኖሪን?»

ኖሪን ዓይኗን ከዌድ ላይ መንቀል አቃታት። «የገና በዓል ሰሞን ጠይቆኝ ነበር። አልፈልግህም አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ረሳሁት።»

«ረሳሁት ትላለች!» ብሎ ጮኸ ዌድ። «በየትርዒቱ እወድሃለሁ እያለችኝ፣ መጋረጃው ሲዘጋ አታውቀኝም! እሷም እንደኔ ታልቅስ!»

ፖሊሶቹ ወደ ኖሪን የጀመሩትን እርምጃ ወደ ዌድ አዞሩ።

ኖሪን ግን ነጻ የወጣች ሰው ደስታ አልታየባትም። ቀድማቸው ደርሳ የዌድን ኮሌታ በሁለት እጇ ጨመደደች።

«ዛሬ ጠዋት ልጄን ምን አበላሃት?»

«ኖሪን… ፓንኬክ ነው፣ እኔ እኮ ልጅቷን…»

ጨርሶ እስኪነግራት አልጠበቀችም። ካፖርቷን እንኳ ሳትደርብ የልጇን ስም እየጠራች በበረዶው ውስጥ ወደ ዌድ ቤት ሮጠች።