ሳያስፈቅዳት የነገረው

ሀይደር መንጌ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ጤና ጣቢያ የመጣው ታብሌት የሞላ ካርቶን ታቅፎ፣ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ለብሶ ነበር። ወላጆቹ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ፓዌ የወለዱት፣ አሶሳ ኮምፒውተር ተምሮ እዚያው ሥራ የያዘ ወጣት ነው። ያመጣው ነገር ቀላል ይመስላል፤ አዋላጇ የነፍሰ ጡሯን የደም ግፊትና የጽንሱን የልብ ምት መዝግባ ትልካለች፤ አሶሳ ያለው ሐኪም አይቶ «እዚያው ትውለድ» ወይም «አሁኑኑ ላኳት» ይላል። ለአንድ ጥያቄ መኪና ተከራይቶ አሶሳ መመላለስ ይቀራል።

አዋላጇ ኢንቲሳር የአካባቢው ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። ሲያስረዳት ከታብሌቱ ይልቅ እሱን ታየው ነበር።

«ኢንተርኔት ሲጠፋስ?» አለችው።

«መረጃው ይጠብቃል። ሲመለስ ራሱ ይሄዳል።»

«ምጥ ግን አይጠብቅም።»

ሀይደር ታብሌቱን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተ። በሳምንቱ ያለ ኢንተርኔት፣ በአጭር መልእክት የሚሠራ አድርጎት ተመለሰ። ኢንቲሳር አየችውና ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህ ወደ መንጌ የሚያመጣው ሥራ በዛ፤ ሥራ በሌለም ቀን ይመጣ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ስለ ታላቅ እህቷ ነገረችው።

«ምጧ ሲጀምር አጠገቧ ነበርኩ። ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ‹ዝናቡ ያባራና እንሄዳለን› አልኳት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሲያባራ ተሸክመናት ወጣን፤ መንገድ ላይ ሞተች።» ቀና ብላ «ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለችው።

ሀይደር እስኪመሽ ከአጠገቧ አልተነሣም። እሷም ለምን እንዲህ አደረግሽ አለማለቱን ወደደችለት።

ከሁለት ወር በኋላ አሶሳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሥራው ወደ ሌሎች ወረዳዎች ይስፋ አይስፋ የሚወሰንበት ቀን ነው። ኢንቲሳርም ተጋብዛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሀይደር ቁጥር ሲደረድር ኃላፊዎቹ አንድ በአንድ ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ። ደነገጠ። ቁጥሩን ተወና «አንዲት አዋላጅ አለችን» ብሎ ጀመረ።

ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው የእሷ ፎቶ ነበር። ዝናቡን፣ ያለችውን፣ መንገዱን፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው መሐል ዓይኑ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አረፈ። ኢንቲሳር ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ አቀርቅራለች።

በሩ ላይ ደረሰባት።

«ኢንቲሳር፣ እኔ እኮ...»

«ሥራው ተፈቀደ?»

«ተፈቀደ።»

«እንኳን ደስ አለህ» ብላው ሄደች።

የንግግሩ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ሀይደር ለምኖ አስጠፋው፤ በየሰዉ ስልክ የገባውን ግን ማን ያጥፋው? በሦስተኛው ቀን ወሬው መንጌ ደረሰ። ገበያ ላይ «እህቷን ያዘገየቻት እሷ ናት» ይባል ጀመር። ባልደረቦቹ እንኳን ደስ አለህ ባሉት ቁጥር ፊቱ ይነድ ነበር። ኢንቲሳር ስልኩን አታነሳም።

በመጨረሻ ወደ እናቷ ወደ ወይዘሮ ዓኢሻ ቤት ሄደ። ግቢ ውስጥ ማሽላ ሲያሰጡ አገኛቸው።

«እናቴ፣ ልጅዎ አምናኝ የነገረችኝን በአደባባይ ያወራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ።»

ሴትየዋ እጃቸውን አራግፈው ቀና አሉ።

«አንተ ነው?» አሉ በአማርኛቸው። «ኢንቲሳር ጥፋት ለብቻው ወሰደ። ‹ዝናብ ይቁም› ያለ እኔ ነው። ትልቅ ሰው እኔ ነው። እሷ ልጅ ነበር፣ እኔ ያልኩት ደገመ። ወላሂ፣ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ። ሰው ልጄን ሲያማ እንኳን ዝም አልኩ።»

ሀይደር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ኢንቲሳር የራሷን ስትነግረው የእናቷን ደብቃ ነበር፤ እሱ ግን የተሰጠውን ትንሽ እንኳ መያዝ አልቻለም።

ከኋላው ኮቴ ሰማ። ኢንቲሳር በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። እናቷን በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም እያለቀሱ መለሱላት። ሀይደር አልገባውም፤ እንዲገባውም አልፈለገም። ቀስ ብሎ ወጣ። በኋላ እንደሰማው፣ ወይዘሮ ዓኢሻ በዚያው ሳምንት ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው እውነቱን በአንደበታቸው ተናገሩ።

አራት ወር አለፈ። ሀይደር በየወረዳው ሲያሠለጥን ከቁጥር በቀር አያወራም ነበር። አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ኢንቲሳር ናት።

«ታብሌቱ አልከፈት አለኝ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ደም እየፈሰሳት ነው።»

«ተይው። የእጅ ስልክሽን አውጪና የደም ግፊቷን ቁጥር እኔ እንደምልሽ ጻፊ።» እየደጋገመ አስጻፋት። መልእክቱ አሶሳ ደረሰ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ነገራት፤ አምቡላንሱም ተነሣ።

ወደ ምሳ ሰዓት መልሳ ደወለች።

«እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

ስልኩን ግን አልዘጋችም።

«ይህን ለሠልጣኞቹ ብነግራቸው ትፈቅጂልኛለሽ?» አላት።

«የሴትየዋ ነው፤ እሷን ልጠይቃት።»

«እሺ። ሌላም የምጠይቅሽ አለ። እሱ የራስሽ ነው፤ ስለ አንቺና ስለ እኔ።»

«በስልክ አይሆንም» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ና። እናቴ ባለችበት ጠይቀኝ።»

ሀይደር በማግስቱ ከአሶሳ በወጣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ተሳፈረ። እፍረቱም አብሮት ተሳፍሯል፤ የዚያን ቀን ግን አንገቱን አላስደፋውም።