በጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረ ጫማ

ባሏ አስናቀ ጥንታዊውን የወርቅ መቆፈሪያ ስፍራ አይተን ቶሎ እንመለሳለን ብሎ ነበር ያመጣት። አሁን ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው አዘንብላለች፤ የሰናይት ጡቶች በወተት ተወጥረው ሸሚዟን አርሰውታል። እህቷ ጋ የተወቻት ሕፃን እስካሁን አልቅሳ አልቅሳ ተኝታ ይሆናል። ሰናይት የምትፈልገው ቤቷ ገብታ ልጇን ማጥባት ብቻ ነበር።

አስጎብኚያቸው ኦቦ ጃርሶ በቀዩ አፈር ላይ እየመሩ የቆፋሪዎቹን ልማድ ነገሯቸው። ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ጫማውን በጉድጓዱ አፍ ላይ ትቶ ይወርዳል፣ ሲወጣ ያደርገዋል፤ ከላይ ያሉት ማን ከታች እንዳለ የሚያውቁት በጫማው ነው። ሳይወጣ የቀረ ሰው ጫማ አይነሳም። አስናቀ እዚህ አገር የጫማ ሌባ የለም ማለት ነው ብሎ ቀለደ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ወንዶቹ የድሮውን የማጠቢያ ቦይ ለማየት ሲወርዱ፣ ሰናይት የጫማዋ ሶል ተገንጥሎባት ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ ቀረች። ከጉድጓዱ የእርጥብ አፈርና የዛገ ብረት ሽታ ይወጣል፤ ከጨለማው ሥር ደግሞ ጠጠር በገበቴ ውስጥ በውሃ እየተዛቀ እንደሚታጠብ ያለ፣ ዝግ ያለ፣ የማይሰለቸው ድምፅ ይሰማል። አፉ ላይ የሴት ላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። መኪናው ሩቅ ነው፣ መንገዱም ድንጋይ። የራሷን አውልቃ እዚያው ትታ ላስቲኩን አጠለቀችው። ውስጡ ሞቅ ያለ ነበር።

የገበቴው ድምፅ ቆመ።

ወንዶቹ ሲመለሱ እንሂድ ልትል ተነሳች። በአስናቀ ፊት ላይ ግን ለማያውቁት ሰው የሚያሳዩት ትሕትና ነበር።

«እህቴ፣ አንዲት ሴት እዚህ ትቻት ነበር። አላየሻትም?»

ቀልዱ አናደዳት፤ ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት። ኦቦ ጃርሶ እግሯን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ፊቷን።

«ኤሌማ፣ እንኳን ወጣሽ» አሉ በደከመ ድምፅ። «እናትሽ ሳታይሽ ሞተች።»

ጫማውን ልታወልቅ ጎንበስ አለች፤ ያየቻቸው ግን ተሰነጣጥቀው ቀይ አፈር የጠጡ፣ የማታውቃቸው እግሮች ነበሩ። አስናቀ የተገነጠለውን ጫማ አንስቶ በድንጋጤ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሰና የሚስቱን ስም ጠራ።

«እዚህ ነኝ» ሲል መለሰ ከታች የሰናይት የራሷ ድምፅ፣ «ገመድ ጣልልኝና ወደ ልጄ ውሰደኝ።»