ለሁለት ሰው የጠበቀ ሞላ

ሟቹ የተገኘው መታጠፊያው ሥር በጎኑ ተኝቶ ነው። ሞተር ሳይክሉ ግን ዐሥር እርምጃ አልፎ ቁጥቋጦ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ጌታው ተመልሶ እስኪቀመጥበት የሚጠብቅ ይመስላል። ሐኪሙ «ወዲያው አልሞተም፤ አንድ ሰዓት ያህል እስትንፋስ ነበረው» ብሎ ጻፈ።

ትራፊኮቹ ምክንያቱን ለማግኘት አልዘገዩም። የኋላው ሞላ በማስተካከያ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ጥርስ ጠብቋል። ሟቹ ደግሞ ኀምሳ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ቀጭን ሰው ነው፤ እንዲህ የጠበቀ ሞላ ቀላል ሰው ሲቀመጥበት ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ያነጥረዋል። ስለዚህ ጥፋተኛው ሞተሩን የጠገነለት ሽማግሌ መካኒክ ነው ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ ሊከሰስ ነው።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ሴት ናት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጋራዡ ነው።

«አባባ፣ ሞላውን ማን አጠበቀው?»

«እኔ እንጃ ልጄ! እኔ ሁለተኛው ጥርስ ላይ ነው የተውኩት። እዚህ ቤት ሰው ሳይቀመጥበት ሞተር አይወጣም። አስቀምጬ በጣቴ እለካለሁ። ከኋላ ሦስት ጣት ዝቅ ካለ ልኩ ነው፤ ካነሰ ያነጥራል፣ ከበዛ ይዋኛል። ‹ሰውየው ሱሪ የሚሰፋ ይመስለዋል› እያሉ ሠላሳ ዓመት ሲስቁብኝ ኖረዋል።»

«ሟቹ ራሱ ማስተካከል ይችላል?»

«እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ቀለበቱን የሚያዞረውን ቁልፍም ሰጥቼዋለሁ። ግን ለምን ብሎ? ለሱ ልኩ ነበር።» ሽማግሌው ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አየ። «እጄ ገድሎት ይሆን? ዐይኔን በከደንኩ ቁጥር ሲነጥር አየዋለሁ።»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል አባባ። እኛ እንጠይቅ።»

የሟቹ ሚስት ያን ቀን የለበሰውን ጃኬት በር ኋላ ሰቅላዋለች፤ አላጠበችውም።

«አመሻሽ ላይ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል» አለች። «ሻይ እጥዳለሁ። ውሃው ሲፈላ ነው መሞቱ ትዝ የሚለኝ።»

መርማሪዋ አስፈቅዳ የጃኬቱን ኪስ ዳሰሰች። ገና ያልደረቀ ግራሶ የነካው የቀለበቱ ቁልፍ ወጣ።

«ያን ጠዋት ምን ይሠራ ነበር?»

«ሞተሩ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። ምን ሆነ ስለው፣ ‹ዛሬ ከባድ ጭነት አለብኝ› አለኝ። ዕቃ መሰለኝ።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አደጋው ቦታ ምንም ዕቃ አልተገኘም።

የሟቹ ታላቅ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከግዝፈቱ የተነሣ ሰፈሩ «በርሜል» ይለዋል። እያነከሰ በሩን ከፈተ።

«እግርዎን ምን ነካው?»

«ከመሰላል ወደቅሁ።»

«በወንድምዎ ሞተር ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

«እኔ? በዚያች ፌንጣ ላይ? እሷም እኔም አንተርፍም!» ብቻውን ሳቀ።

ክሱ በሚመሠረትበት ጠዋት መርማሪዋ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ የሞተሩን መሪ ያዘ፤ ሌላው የመቀመጫውን ከፍታ ምሰሶው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ።

«ልለካልሽ?» አለ ሽማግሌው።

«እርስዎ ተጠርጣሪ ነዎት አባባ። ፖሊሱ ይለካ።»

ከዚያ በሟቹ ቦታ ተቀመጠች። ሚስቱ አፏን ያዘች።

«እኔም እንደ እሱ ኀምሳ ስድስት ኪሎ ነኝ። ስንት ወረደ?»

«አንድ ጣት» አለ ፖሊሱ።

«እህቴ፣ ከኋላዬ ነይ።»

ሚስትየዋ ወጣች፤ እግሯ ማረፊያ አጣ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ዝገት የያዘውን የኋላ እግር ማረፊያ ብረት በእጁ ታግሎ ከፈተላት። ሁለት ጣት እንኳ አልሞላም። ስትወርድ መርማሪዋ ብረቱን መልሳ አጠፈችው።

«አሁን እርስዎ» አለች ታላቅ ወንድሙን።

«እኔ ይቅርብኝ፤ ሞተር እፈራለሁ።»

«የቆመ ሞተር ነው ወንድሜ።»

ወጣ። ሞላው እያቃሰተ ወረደ። ሰውየው ወደ ታች ሳያይ ብረቱን በተረከዙ ከሥር ወደ ላይ መታው፤ ብረቱም ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«ሦስት ጣት» አለ ፖሊሱ። «ልክ ሦስት።»

«ያን የተረከዝ ብልሃት ከሟቹና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም» አለ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

መርማሪዋ ወደ ኋላ አልዞረችም። ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተናገረች።

«ሞላውን ያጠበቀው ሟቹ ነው፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ አለ። ለራሱ ልኩ ስለነበር ለራሱ አይደለም። ዕቃ ስላልተገኘ ለዕቃም አይደለም። ለሰው ነው። ሚስቱ ትቀላለች፤ ሦስት ጣት የሞሉት እርስዎ ነዎት። ሞተሩ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ደግሞ እግሩ ያን ብረት አያውቀውም። ከመሰላልም አልወደቁም። ሰው ኃጢአቱን ይደብቃል፤ ክብደቱን ግን የት ያኖረዋል? ወዴት ነበር የሚወስድዎት?»

ሰውየው ከፊቱ ያለውን ቀጭን ጀርባ ትኩር ብሎ አየ። የመለሰው ለእሷ ሳይሆን ለሟቹ ይመስል ነበር።

«ወደ ፖሊስ። ባለፈው ወር አንዲት አሮጊት ገጭቼ አመለጥኩ። ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? ‹እኔ አደርስሃለሁ፣ አብሬህ እገባለሁ› አልከኝ። እንዲመቸኝ ብለህ ሞላውን አስተካከልክልኝ። መታጠፊያው ላይ መልሰኝ አልኩህ። ‹ደርሰናል እኮ፣ ጋሼ› አልከኝ። መሪውን ያዝኩብህ።»

«ከወደቃችሁ በኋላስ?» አለች መርማሪዋ።

«እያነከስኩ ትቼው ስሄድ ይጠራኝ ነበር። ‹ጋሼ› እያለ። አሁንም አላቆመም።»

ሚስትየዋ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ፖሊሱ ሰውየውን ክንዱን ይዞ አወረደው፤ መርማሪዋም ወረደች። ሞተሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተነሣ።

ሽማግሌው ቁልፉን ተቀብሎ ተንበረከከና ቀለበቱን ጥርስ በጥርስ ወደ ሁለተኛው መለሰው። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።