ማሽኑ ላይ ማን ተቀመጠ?

የቀዘፋ መለማመጃ ማሽኑ የእግር ማሳረፊያ ትናንት ከተወችበት ልክ ተነስቷል።

ሚጢ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ አየችው። ተረከዝ የሚያርፍባት ፕላስቲክ በቀዳዳዎቹ ላይ ተስባ፣ ለትልቅ እግር በሚሆን ልክ ተቀርቅራለች። የሚጢ እግር እንኳን ትልቅ ሊሆን፣ ጫማ ልትገዛ ስትሄድ የሚያሳዩአት የሕፃናቱን መደርደሪያ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷትም ቤተሰቡና ሰፈሩ ሚጢ የሚላት በከንቱ አይደለም።

«ማነው ማሽኔን የነካው?» ብላ ጮኸች።

እናቷ ከሥራ አልገባችም። ታላቅ ወንድሟ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ስልኩን ይነካካል፤ ይህን ልጅ ከተጋደመበት የሚያስነሳው የድስት ክዳን ድምፅ ብቻ ነው። አያቷ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና እንኳን አላለችም።

«አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ? እዛ ነገር ላይ?» ወንድሟ ሳቀ። «ወንበር የሚሠራው ሰው እንዲያርፍበት አይደል እንዴ? ተቀምጦ መልፋት የማን ፈሊጥ ነው? ባክሽ አትነዝንዢኝ።»

«ታዲያ ብቻውን ተንቀሳቀሰ?»

«ጀልባ አይደል? ሊሄድ ፈልጎ ይሆናላ።»

እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ቤት ሲገባ የወደደው ሰው አልነበረም። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው አጎቷ፣ የሚዘጋ ጂም ዕቃ ሲያመላልስ ውሎ ይህ አንዱ ቦታ አጥቶ ሲቀር፣ «የእህቴ ልጅ ጀልባ ላይ ልትወጣ ነው» ብሎ ለምኖ አመጣው። ከሰው ቁመት የሚረዝም ሐዲድ፣ ሐዲዱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት መቀመጫ፣ ፊት ለፊቱ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ማራገቢያ፣ ከማራገቢያው በሰንሰለት የሚሳብ እጀታ። ሳሎኑን ለሁለት ከፈለው። እናቷ በማግስቱ እጀታው ላይ እርጥብ ፎጣ ሰቀለችበት። አያቷማ ገና ከበር ሳይገባ ነበር የጀመረችው፤ «ጀልባውን አስገባችሁ። ውሃውን ደግሞ መቼ ነው የምታመጡት?»

ሚጢ ሳቃቸውን ቻለችው። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ጀልባ አራት ቀዛፊ ይይዛል። ሦስቱ ከአምና ጀምሮ አሉ። የቀረችው አንዲት ቦታ ናት፤ እሷም ቅዳሜ፣ በአዳራሹ ማሽን ላይ በሚደረግ ውድድር ለአንዷ ትሰጣለች። ሚጢ በተማሪነት ዘመኗ ለምንም ነገር ተመርጣ አታውቅም። ለኳስ አጭር፣ ለሰልፍ መሪነት አጭር፣ ለቲያትር ሲሆን ደግሞ ከኋላ የማትታይ። ጀልባ ላይ ግን ሁሉም ተቀምጦ ነው።

አጀማመሯ ያሳፍር ነበር። በማራገቢያው ጎን ያለውን የክብደት ማንሻ እስከ ጥግ ገፋችና፣ ከባድ ሲሆን ጉልበት ይሰጣል ብላ፣ እንደ ጉድጓድ ገመድ በክንዷ ትጎትተው ጀመር። በማግስቱ ማበጠሪያ ወደ ራሷ ማንሳት አቃታት። ያኔ ነው የስፖርት መምህሯን ከክፍል ሲወጣ ጠብቃ የጠየቀችው።

«ማንሻውን ማን ጥግ አድርሺ አለሽ?» አላት መምህሩ። «ዝቅ አድርጊው። ጉልበቱ ያለው ከእግርሽ ነው። መጀመሪያ በእግርሽ ግፊ፣ ቀጥሎ ወገብሽን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጊ፣ ክንድሽ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስትመለሺ ተገልብጦ፤ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር። ስትስቢ በኃይል፣ ስትመለሺ ቀስ።»

«ይኼው ነው ቲቸር?»

«ይኼው ነው። ግን የሚጠይቀኝ የለም፤ ሁሉም እየመጣ ይጎትታል።»

ሚጢ ይህን ነገር ለማንም አልነገረችም። ምስጢር ነው ያላት የለም፤ ግን ዋጥ አድርጋ ያዘችው።

ለሎጋ እንኳን አልነገረችም። ሎጋ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ቁመቷ የበር ጉበን ይነካል፣ ክንዷ ከመስኮት ሆኖ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሰላም ይላል። ሁለቱ ሲሄዱ ሰው ዞሮ ያያቸዋል። ሎጋም ጀልባ ፈልጋ ነበር። ግን በአዳራሹ የመጀመሪያ ሙከራ ቀን እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሏ ስትጎትት መቀመጫው ከሥሯ አምልጦ በቂጧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያውም ክፍሉ ሁሉ ቆሞ እያየ። ወንዶቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ፍንግል» ይሏታል። ሎጋም «ተውኩት ባክሽ፣ ያን ጉድ ድጋሚ ባይኔ አላየውም» አለች። ሚጢ «አይዞሽ» ብላታለች። በሆዷ ግን እፎይ ብላለች፤ ይህን ደግሞ ማንም አላየባትም።

ማሽኑን የሚነካው ማን እንደሆነ ሳታውቅ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ገባት። በማግስቱ ከማጠናከሪያ ትምህርት ስትመለስ ማንሻው ጥግ ደርሷል። መቀመጫውን በመዳፏ ነካችው፤ ሞቅ ብሏል። ወንድሟን አየችው። እንደ ልማዱ ሶፋው ላይ ነው፤ ላብም የለው። ደግሞስ ይሄ ልጅ ለፍቶ ዝም ይላል? ሁለት ደረጃ ከወጣ ለሰፈሩ የሚያወራ! የእናቷ እግር ከሚጢ አይበልጥም። አያቷ ምርኩዝ ይዛ ናት ወደ ጓሮ የምትሄደው።

«እማማ፣ ዛሬ ቤት የመጣ ሰው አለ?»

«ቤት ሰው ካልመጣበት ምኑን ቤት ሆነ?» አለች አያቷ።

«ማን መጣ ማለቴ ነው።»

«ነገረኛ ሆነሻል አንቺ ልጅ። ሂጂ እግርሽን ታጠቢ።»

ይህ መልስ አይደለም። ሚጢ ይህን ታውቃለች። አያቷ ቀጥ ያለ ነገር ቀጥ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት፤ ጠማማ መልስ ከሰጠች የሆነ ነገር አለ።

ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ማንም ሳያያት ጥቁር የስፌት ክር አመጣችና እጀታውን ከሐዲዱ ጋር አሰረችው። አንድ ጊዜ ከተሳበ ይበጠሳል። ቀኑን ሙሉ አስተማሪ የሚለው አልተሰማትም። ከጎኗ የተቀመጠችው ሎጋ ስትጽፍ እጇን ጨብጣ ነው የምትጽፈው። እስክሪብቶ ሲወድቅባት ብታነሳላት መዳፏ ውሃ ቋጥሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ልብስ ሳጥብ ነው።»

«መዳፍሽ እንዲህ እስኪሆን?»

«የጂንስ ሱሪ ነዋ» አለች ሎጋ፤ እጇንም ኪሷ ከተተች።

ሚጢ ማታ ቤት ስትደርስ ሮጣ ወደ ማሽኑ ሄደች። ክሩ አለ። አልተበጠሰም። አፈረች፤ ሰው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ እሷ ብቻ ተጠራጣሪ የሆነች መሰላት። ልትፈታው ጎንበስ አለችና ጣቷ ቆመ። እሷ የቋጠረችው ተራ ቋጠሮ ነው። ይህ ግን ሁለት ጆሮ ያላት፣ አንዷ ጫፍ ስትሳብ የምትፈታ ቋጠሮ ናት። እህል መጋዘን ጆንያ ስትሰፋ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት የምትቋጥራት። በዚህ ቤት ከአንድ ሰው በቀር የሚችላት የለም።

አያቷ የተበጠሰውን ክር አይታ፣ ሚጢ እንዳታውቅ ብላ፣ አሳምራ አስራዋለች። አሳምራ ማሰሯ ነው ያጋለጣት።

በማግስቱ ሚጢ ማጠናከሪያውን ትታ በኋላ በኩል ዞራ መጣችና በሳሎኑ መስኮት አየች። ድምፁን ቀድማ ሰምታዋለች፤ ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ፣ አጭርና የተቆራረጠ። ሎጋ ናት። ማንሻው ጥግ ደርሷል። ጀርባዋ እንደ መንጠቆ ጎብጧል፣ እግሯ ሥራ ፈቶ ክንዷ ብቻ ይለፋል። በየመሃሉ እየቆመች ወገቧን ትይዛለች። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ እንደገና።

የሚጢ ፊት ጋለ። ተውኩት ያለች! በእኔው ቤት፣ በእኔው ማሽን፣ በእኔው አያት! እዚያው ልትገባባት አሰበች። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ፣ ቀዝቃዛ ሐሳብ። እንዲህ ከቀዘፈች ቅዳሜ እንኳን ልታሸንፍ መጨረሷም ያጠራጥራል። ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ውሸት አይደለም።

አርብ ጠዋት ሚጢ ለሎጋ እውነቱን የመናገር ዕድል ሰጠቻት። «ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

«ልይሽ ብዬ እመጣለሁ እንጂ እኔማ ተውኩት አላልኩሽም?» አለች ሎጋ፣ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አድርጋ።

ሚጢ ያን ቀን ሲያንገበግባት ዋለ። የሚያንገበግባት ግን የሎጋ ውሸት ብቻ አልነበረም፤ ያ የጎበጠ ጀርባ ከዓይኗ አልጠፋም። ከሰዓት ማጠናከሪያ ሳትገባ ወደ ቤት ሄደች። አያቷ ወንበሯን አውጥታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ዛሬስ በመስኮት ነው በበር?» አለቻት።

ሚጢ ደነገጠች። «አይተሽኝ ነበር?»

«ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም።»

«እማማ፣ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ልጅቷ እንባዋ እየወረደ መጥታ በሩን አንኳኳች። ሰው እንዳያየኝ፣ ሚጢም እንዳታውቅ ብላ ለመነችኝ። ምን ልበላት? ሂጂ? እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ፣ ገባሁ፤ እሷ ስትመጣ ወንድምሽንም ሱቅ እልከዋለሁ። እሷ አፍ አላት፣ ጠየቀች። አንቺ ግን ክር አሰርሽብኝ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ወጥመድ!» በምርኩዟ መሬቱን መታች። «በይ እለፊ፣ በር ዘጋሽብኝ።»

ሚጢ ገባች። ሎጋ ስታያት እጀታው ከእጇ አምልጦ ማራገቢያው ላይ ጓ አለ። የእግር ማሰሪያውን ለመፍታት ትንደፋደፋለች፤ ላቡ ይሁን እንባው ፊቷን አርሶታል።

«ልሄድ ነው፣ ልሄድ ነው።»

«ተውኩት አላልሽም?»

«ብልስ? እንደገና ፍንግል ልባል? እዛ አዳራሽ ሰው እያየኝ መለማመድ አልችልም።»

«ለኔ ግን መንገር ትችዪ ነበር።»

«ላንቺ?» ሎጋ እጇን ከማሰሪያው ላይ አነሳችና ቀጥ ብላ አየቻት። «ቦታዋ አንድ ናት፣ ሚጢ። ብነግርሽ ታስገቢኝ ነበር?»

ሚጢ አዎ ልትል አፏን ከፈተች።

የወጣት ግን «እንጃ» ነው።

ሎጋ ራሷን ነቀነቀች። ማሰሪያውን ፈታች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወገቧን እንደ አሮጊት ይዛ ወደ በሩ አመራች። ሚጢ መንገድ ልትለቅላት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ከዚያ እግሯ ሐሳቧን ሳይጠይቅ ተመልሶ በሩ መሃል ቆመ።

«ተቀመጪ።»

«ምን?»

«ተቀመጪ አልኩሽ። ወገብሽን ልትሰብሪ ነው እንዴ?» ሚጢ ማንሻውን ወደ ታች ሳበችው። ተንበርክካ የሎጋን እግር አስተካክላ አሰረች። «ክንድሽን እርሺው። የለኝም በይ። በእግርሽ ብቻ ግፊ።»

«ይቀላል። በዚህ ጉልበት አይወጣም።»

«ግፊ ዝም ብለሽ። እግርሽ ሲያልቅ ወገብሽን ዘንበል አድርጊ፣ ከዚያ ነው ክንድሽ። ስትመለሺ ክንድሽ ይቅደም። አትቸኩይ።»

ሎጋ የመጀመሪያውን አበላሸችው። ሁለተኛውንም። ሚጢ ትከሻዋን ይዛ አቃናቻት። ከዚያ ያ ረጅም እግር ተዘረጋ፣ ያ ረጅም ጀርባ ዘንበል አለ፣ እጀታው ደረቷ ላይ ደረሰ። ማራገቢያው ረጅም፣ ጥልቅ ድምፅ አወጣ። የመስኮቱ መጋረጃ ተነፍቶ ተመለሰ።

ሚጢ በዚህ ሁሉ ልምምዷ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ማሽን አውጥታ አታውቅም። ሎጋ አልገባትም። ሚጢ ግን ገብቷታል፤ ቅዳሜ ያቺን አንዲት ቦታ ሎጋ ልትወስዳት ትችላለች።

«ልክ ነው እንዴ?» አለች ሎጋ፣ በትንፋሿ መሃል ዞር ብላ።

ሚጢ የላላውን የእግር ማሰሪያ ጠበቅ አደረገችላት።

«ልክ ነው» አለች። «እንደገና።»